ይርጋ የሌለው 2.24

ቁጥሩን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። 2.24።

የሲቪል ኢንጂነሪንግ ዲግሪዬ ውጤት ነው። በ2007 ሐምሌ ጋወን ለብሼ ተመረቅኩ። የተማርኩት ከጎንደር ውጭ ስለነበር እናቴ አውቶቡስ ውስጥ ስትንገላታ አድራ መጣች። ሰፈር ስንመለስ ጠላ ተጠምቆ፣ በግ ታርዶ ጠበቀን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ስሜ ኢንጂነር ሆነ። ስቱደንት ኮፒውን ግን ማንም አላየውም። አራት ላይ አጥፌ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከክርስትና ፎቶዬ ሥር ከተትኩት።

ለመመረቅ የሚያበቃው ዝቅተኛ ውጤት 2.00 ነው። 2.24 ማለት እንግዲህ ከገደሉ አፋፍ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ማለት ነው። ቀጣሪም ይህን ያውቃል። በዚያ ክረምት ፒያሳ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ያልቆምኩበት ቀን የለም። «ውጤት ለወንድ 2.75፣ ለሴት 2.50 እና ከዚያ በላይ» ይላል። ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድኩ እሄዳለሁ፣ የትምህርት ዓይነቱ ይገጥማል፣ የሥራ ቦታው ይገጥማል፣ ደመወዙም ደህና ነው፣ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ስደርስ ጣቴ ይቆማል። አጠገቤ ሌላ የሚያነብ ካለ ደሞዙ እንዳልጣመው ሰው ፊቴን አጨማድጄ እሄዳለሁ።

ለምን 2.24 ሆነ? ሰነፍ ነበርኩ ብል ግማሹን እውነት ተናገርኩ። ሌላው ግማሽ ያለው አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ነው።

ሲቪክስና ታሪክ የምወድ ልጅ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ክርክር ተነሳ ከተባለ እኔ አለሁበት። ግን ያኔ ጎበዝ የተባለ ሁሉ ናቹራል ነው የሚገባው፣ ሶሻል የሰነፍ ነው ይባላል። መንግሥትም ከመቶው 70ውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እልካለሁ ያለበት ዘመን ነበር። ታዲያ ማን ሶሻል ይገባል? ናቹራል ገባሁ። ሕግ ደግሞ የሚመደበው ከሶሻል ነው። በ16 ዓመቴ አንድ ፎርም ላይ ምልክት ሳደርግ ያንን በር በገዛ እጄ መቀርቀሬን የነገረኝ የለም። ቢነግሩኝም የምሰማ አይመስለኝም።

ከዚያ ስታቲክስ የሚባለው የኢንጂነሪንግ ትምህርት መጣ። የመጀመሪያው ዓመት በዋርኒንግ አለፈ። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ዲ እና ሲ እንደ ነሐሴ ዝናብ ወረደብኝ። ላይብረሪ አልጠፋም ነበር እኮ፤ እገባለሁ፣ ደብተሬን እዘረጋለሁ፣ ከዚያ ጋዜጣ አነባለሁ።

ሥራ ያገኘሁት በዘመድ ነው። እዚሁ ጎንደር አንድ ኮንትራክተር ዘንድ ሳይት ኢንጂነር ሆንኩ። እሱ ስለ ውጤት አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ «ፀሐይ ትችላለህ?» ብሎ ብቻ ነው። ቻልኩ። ብረት መቁጠር፣ ኮንክሪት ሲሞላ ሌሊቱን ቆሞ ማደር፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ማዘጋጀት፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ፔይሮል ላይ መፈረም። ሥራውን አልጠላሁትም፣ አልወደድኩትምም። እንደዚህ ዓይነት ሥራ ነው ሰውን ሃያ ዓመት የሚያቆየው።

አሁን የግንበኛውን ነገር ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጽፍም። ከደምቢያ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ድንጋይ አንድ ጊዜ በመዶሻ አንኳኩተው ድምፁን ሰምተው ይሆናል አይሆንም የሚሉ ሰው ነበሩ። በ2009 መጨረሻ ሥራው በክፍያ እጦት ሲቆም ያልተከፈላቸው 48 ቀን ነበራቸው። በቀን 220 ብር ነው። 10,560 ብር። ቁጥሩን የማስታውሰው ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ያሰላሁት እኔ ነኝ።

ሳይቱ የቆመ ቀን መጡ።

«ኢንጂነር፣ የሠራሁበትን ቀን በወረቀት ጻፍና ፈርምልኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል ጋሼ? ፔይሮሉ ላይ አለ። ክፍያው ሲለቀቅ ይደርስዎታል። ትንሽ ይታገሡ።»

ታገሡ። በየወሩ ይደውላሉ፣ እኔም በየወሩ ያንኑ እላለሁ። አልዋሸሁም፤ እኔም እንደዚያው ነበር የሚነገረኝ። በስምንተኛው ወር ከሰሱ።

ችሎቱ ቀን ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቀጣሪዬን ትቼ ልመሰክርላቸው ልቤ ከጅሎ ነበር። ግን ጉዳዩ ምስክር ዘንድ አልደረሰም። የተከሳሽ ጠበቃ ተነስቶ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ በአዋጅ 377/96 መሠረት የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ የከሳሽ ጥያቄ 6 ወር አልፎታል። ሠርተዋል አልሠሩም የሚል ነገር አልተነሳም። ብሩ ስንት ነው የሚልም የለም። መዝገቡ ተዘጋ። ሁሉም ነገር ሻይ ተፈልቶ ሳይቀርብ አለቀ።

ደረጃው ላይ ያዙኝ። ያዙኝ ስል ክንዴን ማለቴ ነው፣ እጃቸው እንደ ቁርበት ነው።

«ኢንጂነር፣ ይርጋ ምንድን ነው?»

አላወቅኩም። ዲግሪ አለኝ፣ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ዲግሪ አለኝ፣ ግን የ48 ቀን ጉልበት በአንድ ቃል የበላውን ነገር ምን እንደሆነ ልነግራቸው አልቻልኩም።

ከግቢው አጥር ውጭ የተቀመጡ ራፖር ጻፊ ሽማግሌ ነበሩ። ጥላ ዘርግተው፣ ጉልበታቸው ላይ ካርቶን አድርገው በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፣ የተጻፈውን ከጎን ያለ ኮምፒውተር ቤት ይተይበዋል። እሳቸውን ጠየቅናቸው። መነጽራቸውን ሳያነሱ፣ «ጊዜው አለፈበት ማለት ነው» አሉ። «መድኃኒት ኤክስፓየርድ እንደሚያደርገው።»

ግንበኛው ገባቸው። እኔ ግን አልሄድኩም። ሽማግሌው የጀመሩትን መስመር ጨርሰው ሁለት ነገር ጨመሩልኝ። አንደኛው፣ ይርጋን ዳኛ ከራሱ አውጥቶ አያነሳውም፤ ተከራካሪው ካላነሳው እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፣ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 ላይ አለ። ሁለተኛው ደግሞ፣ አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ አምኖ ቢሆን ኖሮ ቆጠራው ይቋረጥና እንደገና ይጀምር ነበር።

በጽሑፍ። ምን ያደርግልዎታል ጋሼ፣ ብያቸው ነበር እኮ።

ግንበኛውን ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። ብሩን ቀስ በቀስ ከኪሴ ልሰጣቸው አስቤ ስደውል ስልካቸው አይሠራም። አዘዞ በኩል ጠዋት ጠዋት የቀን ሠራተኛ የሚቆምበት ቦታ በባጃጅ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አወጣለሁ። እስካሁን።

ሕግ ልማር ማለት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለእናቴ ስነግራት ቡና እየቆላች ነበር።

«ጠበቃ ልትሆን? ምላስ ልትሸጥ?»

«እማ፣ ምላስ ብቻ አይደለም።»

«ከነገር ሽሽ እያልኩ አሳድጌህ ነገር ፍለጋ ትሄድ? ኢንጂነርነቱን ደግሞ ምን ልታደርገው ነው? በጉን ማን ይመልስልኛል?» ሳቀች፤ ግን ቀልዱ ግማሽ ነው። እሷ ያደገችበት ጎንደር ውስጥ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ አንዷ ባልቴት «በሕግ አምላክ!» ካለች እጅ ይወርዳል። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃም ይቆማል ይባላል። እናቴ ለሕግ እንደዚያ ያለ ክብር ነበራት፤ ጠበቃ የሚባለውን ግን ዶሮዋን እንደሚጠብቅ ሸለመጥማጥ ነበር የምታየው።

የማታ ትምህርት ለመመዝገብ መስኮት ፊት ቆምኩ። 2011 መስከረም። ሠራተኛዋ ዲግሪዬንና ስቱደንት ኮፒዬን ተቀበለችኝና ፎርሙን እየሞላች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ስም። ዕድሜ። የትምህርት ዓይነት። «ሁለት ነጥብ ሃያ አራት።» ከኋላዬ የቆመችው ልጅ ወዲያው ወደ ስልኳ አቀረቀረች። ደግነት ነው መቼም፣ ግን እንደዚያ ዓይነት ደግነት ከስድብ ይከብዳል። «ዲግሪ ካለህ የመግቢያ ፈተና ትወስዳለህ» አለችኝ ሠራተኛዋ። ሌላ ምንም አላለችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ቁጥር ሲነገር ጣሪያ የሚናድ ይመስለኝ ነበር። አልተናደም። ፈተናውንም አለፍኩ።

የማታ ክፍል የሚባል ነገር ለማያውቅ ሰው ልንገር። አርባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች የሚበዙበት ክፍል ነው። ፖሊሶች አሉ፣ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ይመጣሉ፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ላይ ከመምህሩ ጋር ይጨቃጨቃሉ። መምህራን አሉ። የቀበሌ ሰዎች አሉ። አንድ መሪጌታም ነበሩ።

መሪጌታን ልተዋቸው አልችልም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መጻሕፍት ቤት ፍትሐ ነገሥትን የተማሩ ናቸው፣ 51ዱን አንቀጽ ከነትርጓሜው። መንፈሳዊውን ክፍል ብቻ ሳይሆን ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ውርስ የሚለውንም። እኛ የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ ይዘን አንድ አንቀጽ ላይ ስንጋጋጥ እሳቸው ጋቢያቸውን ያስተካክሉና «አንድም እንዲህ ማለቱ ነው» ይላሉ። ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ። ሦስተኛ «አንድም»። መጀመሪያ ያስቀን ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህሩ የሕግ አተረጓጎም ሲያስተምር፣ አንዱን ቃል በጠባቡም በሰፊውም፣ በሕግ አውጪው ሐሳብም ማየት አለባችሁ ሲለን ሁላችንም ዞረን መሪጌታን አየን። እሳቸው እርሳሳቸውን እየቀረጹ ነበር።

እኔ ግን እንደ እሳቸው ቶሎ አልገባኝም። የመጀመሪያው ፈተና ላይ አምስት ጥያቄ ነበር፤ አምስቱንም በአንድ ገጽ ጨረስኩና ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። ሲ ፕላስ። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ «መልሱ ልክ ነው። ምክንያቱስ?» የሚል ተጽፎበታል። አምስቱም ላይ ያው ነው፣ አምስተኛው ላይ «ምክንያቱስ» የምትለዋ ብቻ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል።

አያችሁ፣ አምስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት መልሱ ሥር ሁለት መስመር አስምሮ መውጣት ነው። ምሰሶው ይሸከማል ወይ አይሸከምም። ሕግ ላይ ግን መልሱ ከሁሉም የረከሰው ነገር ነው። መጀመሪያ ጭብጡን ለይ፣ ከዚያ ሕጉን አምጣ፣ ከዚያ ፍሬ ነገሩን ከሕጉ ጋር አጋጥም፣ ያኔ መልሱ ራሱ ይመጣል። ለሳምንታት ያንን ወረቀት ይዤ ዞርኩ። እንዲያውም ኢንጂነሪንግ ላይ የወደቅኩት በዚህ ምክንያት ይሆን እንዴ እያልኩ ሳስብ ነበር፣ ሁልጊዜ መልሱ ላይ ለመድረስ ስቸኩል፣ ግን ይህ ለራሴ የማበጀው ሰበብ ሊሆንም ይችላል።

ንባቡ የሌሊት ነው። ቀን ሳይት ነኝ። ጎንደር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ሰፈር የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ሲመጣ ደግሞ ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል። ቢጫ ጀሪካኖቹን ደርድሬ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። የውል ሕግን በሙሉ ያነበብኩት ያንን ማስነጠስ ስጠብቅ ነው። ቁጥር 1678 ላይ ውል ለመኖሩ የሚያስፈልጉት ችሎታ፣ ፈቃድ፣ የውሉ ጉዳይና አንዳንዴ ፎርም ናቸው ይላል። አሁንም ይህን ቁጥር ስሰማ ጆሮዬ ውስጥ ጀሪካን ይሞላል።

ከዚያ አንድ ሌሊት ቁጥር 3039 ላይ ደረስኩ። ሥራ ተቋራጭ የሠራው ሕንፃ በአሠራሩ ጉድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ቢበላሽ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ኃላፊ ነው ይላል። አሥር! እኔ ሦስት ዓመት ሕንፃ ሳስረክብ የማውቀው የአንድ ዓመቱን የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ ብቻ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የመጨረሻ ርክክብ ፈርመን ተጨባብጠን «ተገላገልን» እንባባል ነበር። ተነስቼ ግቢው ውስጥ ዞርኩ። እነዚያን ግድግዳዎች አውቃቸዋለሁ፣ የትኛው ምሰሶ ሥር የውሃ መልክ ያለው አፈር እንደነበር አውቃለሁ። ያን ሌሊት ነው ሁለቱ ዲግሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት፤ እስከዚያ ድረስ እኔ አንዱን ጥዬ ወደ ሌላው የምሸሽ ነበር የሚመስለኝ።

የመደበኛው የሕግ ዲግሪ አምስት ዓመት ነው፣ የማታው ይረዝማል፣ የእኛ ደግሞ ዘመኑ ጨመረበት። በ2012 መጋቢት ኮሮና መጣና ሁሉም ተዘጋ። በ2013 ኅዳር ሮኬት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወደቀ፤ ያን ሰሞን ስለ የትኛውም አንቀጽ ያሰበ ሰው አልነበረም። በ2015 ነሐሴ ደግሞ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ስለዚህ ነገር ብዙ አልልም፣ ሁላችሁም የየራሳችሁ አላችሁ። ለእኔ ትምህርት ግን የቀረልኝ አንዲት ፍላሽ ነበረች። ውስጧ ኢንተርኔት እያለ ያወረድኳቸው የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ቅጾች አሉ። የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ ከመማሪያ መጽሐፍ በላይ እሱን ማንበብ ግድ ነው። ፍላሿ በአንገት ማተብ ታስራ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፣ መሪጌታ ዘንድ አንድ ወር ቆየች፣ ስትመለስ ዕጣን ዕጣን ትሸታለች።

በ2017 የመውጫ ፈተናውን ተቀመጥን። የሕግ ተማሪ ይህን ፈተና ከሌላው ትምህርት ሁሉ ቀድሞ ነው የለመደው። ማለፊያው 50 ነው፣ እኔ 63 አመጣሁ። አጠቃላይ ውጤቴ 3.02። ማዕረግ የለውም፣ ዋንጫ የለውም። እናቴ በግ ላርድ አለች፤ የመጀመሪያውን በግ ዕዳ ሳልከፍል ሌላ አይታረድም ብዬ በዶሮ ተስማማን።

አሁን ሰዎች ይጠይቁኛል። «ውጤቴ ዝቅተኛ ነው፣ ሕግ ብማር ያዋጣኛል?» ይላሉ። አብዛኞቹ ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ናቸው። አላባብላችሁም። አንዳንድ በር ይዘጋል። ዩኒቨርሲቲ ቀርቶ ማስተማር ለሚያስብ ሰው ውጤት ነው የሚቆጠረው። ለዳኝነትና ለዐቃቤ ሕግነት የሚወጣ ማስታወቂያም ብዙ ጊዜ የውጤት መነሻ አለው፣ እሱ ግን የሚያየው የሕጉን ዲግሪ ነው። ማለትም አዲስ ስቱደንት ኮፒ ይሰጣችኋል፣ ነጭ። የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ የምታመጡት ሲ ፕላስ ግን እንደገና እዚያው ላይ ተጽፎ ይቀራል፤ በመጀመሪያው ፈተና እንደኔ አትቸኩሉ። ጥብቅና ደግሞ ዲግሪ ብቻ አይበቃውም፣ የሥራ ልምድና የፈቃድ ፈተና አለው፣ ስለዚህ በተመረቃችሁ ማግስት ቢሮ የምትከፍቱ ከመሰላችሁ እናንተንም እናታችሁንም ታሳዝናላችሁ። ገንዘቡና ጊዜውም ቀላል አይደለም። ለክብር ብላችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ። የሆነ ሰው ደረጃ ላይ ክንዳችሁን ይዞ አንድ ቃል ጠይቋችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነው።

ይርጋን በደንብ ከተማርኩት በኋላ አንድ ነገር ያስቀኝ ጀመር። ሁሉም ነገር ጊዜ አለው። የደመወዝ 6 ወር። ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት 2 ዓመት። የውል ጥያቄ በመርህ ደረጃ 10 ዓመት። ጊዜ የማይገድባቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በስብዕና ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች ተብለው የተዘረዘሩት ናቸው፤ የሰው ዘር ማጥፋት፣ ማሰቃየት፣ በግዴታ ሰውን መሰወር። እነዚህና የእኔ 2.24።

ከምረቃ በኋላ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የአንድ መሥሪያ ቤት የነገረ ፈጅ ሥራ ነበር። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» አሉኝ። እኔም፣ «መጀመሪያ የተማርኩት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው፣ እርግጥ ውጤቴ ጥሩ አልነበረም፣ 2.24 ነው፣ ግን ምክንያቱ...» ብዬ የአሥራ አንደኛ ክፍሉን ታሪክ ጀመርኩ። ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ እስከዚያ ስልኩን እያየ ነበር። ቀና አለ። እስክሪብቶ አነሳና ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። እስክወጣ ድረስ የጻፋት ያቺን ብቻ ናት።

አልወሰዱኝም። በሷ ነው ማለት አልችልም።

ራፖር ጻፊው ሽማግሌ አሁንም እዚያው ናቸው። ተማሪ እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ክስ አጻጻፍ ተምሬባቸዋለሁ፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ አድራሻ፣ የክሱ ምክንያት፣ መጨረሻ ላይ «እውነት ስለመሆኑ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ»። ባለጉዳይ ሲመጣ ምን ሆንክ ብለው አይጀምሩም፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት «መቼ?» ነው። ይህንንም ከሳቸው ወሰድኩ። የቃለ መጠይቁን ነገር ስነግራቸው ሳቃቸው መጥቶ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ታዲያ አንተ ልጅ፣ ለተቃራኒ ወገን መቃወሚያ ትጽፍለታለህ እንዴ? ለዚያውም በነፃ?»

መልስ አልነበረኝም። ሽማግሌው ጥላቸውን ወደ ፀሐዩ አዞሩና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። እኔ ግን ሳስበው፣ ከ2007 ጀምሮ ያንን ቁጥር ካነሱት ሰዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጓደኛ ሲያስተዋውቀኝ እኔ። ልጅቱን ልጠይቅ ስሄድ አባቷ ፊት እኔ። ያቺ የመስኮቷ ሠራተኛ እንኳን ፎርም ልትሞላ ብላ ነው ያነበበችው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማስታወቂያ ወጣ። የግንባታ ውል ክርክሮችን የሚከታተል የሕግ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ውጤት 3.00 እና ከዚያ በላይ። ጣቴ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ደርሶ አለፈ። ቤት ሄጄ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። የኢንጂነሪንጉን ላስቀር ወይስ ላስገባ እያልኩ አመሸሁ፣ ሥራው የግንባታ ነው፣ ብረት የቆጠርኩበትን ዲግሪ ደብቄ ስለ ብረት ልከራከር ነው? እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ፕላስቲክ ውስጥ አድርጌ ከሕጉ ዲግሪ ኋላ አስገባሁት።

መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ማኅደሬን ተቀበለች። ገለጠች። የሕጉን አየች። ገለጠች። የድሮውን ስቱደንት ኮፒ ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ጣቷ መጨረሻው መስመር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ስቴፕለሩን አነሳችና አንድ ላይ መታችው፣ ቁጥር ሰጥታ መዝገቧ ላይ አስፈረመችኝ።

ምንም አላለችም። እኔም ፈረምኩና ወጣሁ።